ፊቱ ይጥራ፤ ኋላውስ? በፖርትሬት ፎቶ የጥራት ጥልቀትን ስለ መቆጣጠር

በወላይታ ሶዶ የሰርግ፣ የምርቃት ወይም የጊፋታ በዓል ፎቶ የሚያነሱ ባለሙያዎች «ኋላውን ብለር አድርግልኝ» የሚል ጥያቄ ይቀርብላቸዋል። ጥያቄው አንድ ነገር ብቻ የያዘ ይመስላል። ቀረብ ብለን ስንመረምረው ግን በውስጡ ሁለት ነገሮች ተደባልቀው እናገኛለን። አንደኛው በሚነሳው ሰው ዙሪያ ጥርት ብሎ የሚታየው ቦታ ምን ያህል ውፍረት አለው የሚለው ነው። ሁለተኛው ከሰውየው በስተኋላ ያለው ነገር ምን ያህል ደብዝዟል የሚለው ነው። እነዚህ ሁለቱ ይዛመዳሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ይህ ትምህርት በመጀመሪያ ሁለቱን ይለያል፤ ከዚያም እያንዳንዱ በምን እንደሚታዘዝ ያስረዳል።

ከቃላቱ እንጀምር። ፎከስ ማለት ሌንሱ ከአንድ የተወሰነ ርቀት የሚመጣውን ብርሃን በሴንሰሩ ላይ በነጥብ መልክ እንዲሰበስብ ማድረግ ነው። ሴንሰር ደግሞ ከሌንሱ በስተኋላ ያለው፣ ብርሃንን ተቀብሎ ወደ ምስል የሚለውጠው ጠፍጣፋ አካል ነው፤ በፊልም ዘመን ይህ ቦታ የፊልሙ ነበር። እዚህ ላይ አጥብቀን መያዝ ያለብን፣ ሌንስ በአንድ ጊዜ በትክክል የሚያተኩረው በአንድ ርቀት ላይ ብቻ መሆኑን ነው። ፎከሱ 2 ሜትር ላይ ካረፈ፣ 2 ሜትር ላይ ያለው ዓይን በነጥብ ይሰበሰባል። ከዓይኑ ፊት ያለው የአፍንጫ ጫፍና ከዓይኑ ኋላ ያለው ጆሮ ግን፣ በጥብቅ ከተናገርን፣ ሁለቱም ከፎከስ ውጭ ናቸው።

ታዲያ በብዙ ፎቶዎች ላይ አፍንጫውም ጆሮውም ጥርት ብለው የሚታዩን ለምንድን ነው? ከፎከስ የወጣ ነጥብ በሴንሰሩ ላይ እንደ ነጥብ ሳይሆን እንደ ትንሽ ክብ ያርፋል። ክቡ እጅግ ትንሽ እስከሆነ ድረስ ዓይናችን ከነጥብ ሊለየው አይችልም። ፉል ፍሬም በሚባሉት፣ ሴንሰራቸው 36 በ24 ሚሊ ሜትር በሆነ ካሜራዎች፣ በልማድ የተያዘው ወሰን 0.03 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ያነሰው ክብ እንደ ጥራት፣ የበለጠው እንደ ብዥታ ይቆጠራል። ወሰኑ ስምምነት እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ በስልክ ላይ ጥርት ያለ የመሰለ ፎቶ በትልቁ ታትሞ ሳሎን ሲሰቀል ብዥታው የሚታየውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ የጥራት ጥልቀት፣ ባለሙያዎች ዴፕዝ ኦፍ ፊልድ የሚሉት፣ ከፎከሱ ቦታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ክቦቹ ከዚህ ወሰን ሳያልፉ የሚቆዩበት የቦታ ውፍረት ነው። በሴንቲ ሜትር የሚለካ ነገር ነው። ይህን በዓይን ለማየት ለወላይታ ሰው ከባህል ልብሱ ከዱንጉዛ የተሻለ መሣሪያ የለም። ዱንጉዛ የለበሰ ሰው ትከሻውን ወደ ካሜራው አዙሮ ሲቆም፣ ቀዩ፣ ቢጫውና ጥቁሩ መስመር ከቅርቡ ትከሻ ተነስቶ ወደ ሩቁ ትከሻ ይዘረጋል። በፎቶው ላይ የመስመሮቹ ጠርዝ ከየት ጀምሮ ስለት እንደሚያወጣና የት ላይ እርስ በርስ መቀላቀል እንደሚጀምር ተመልከቱ። በእነዚያ ሁለት ቦታዎች መካከል ያለው ውፍረት የጥራት ጥልቀቱ ነው።

ይህ ውፍረት የሚታዘዘው በዋናነት በሦስት ነገሮች ነው፤ በአፐርቸር፣ በርቀትና በፎካል ሌንግዝ።

አፐርቸር ማለት በሌንሱ ውስጥ ብርሃን የሚያልፍበት፣ ሊሰፋና ሊጠብ የሚችል ቀዳዳ ነው። ፎካል ሌንግዝ ደግሞ ሌንሱ እጅግ ሩቅ ባለ ነገር ላይ ሲያተኩር በሌንሱ የብርሃን ማዕከልና ምስሉ በሚሰበሰብበት ቦታ መካከል ያለው ርቀት ነው፤ በሌንሱ ላይ 50 ወይም 85 ሚሊ ሜትር ተብሎ ተጽፎ እናየዋለን። በኤፍ የሚጻፈው የአፐርቸር ቁጥር የሚገኘው ፎካል ሌንግዙን ለቀዳዳው ስፋት በማካፈል ነው። ስለዚህ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ኤፍ 1.8 ማለት ቀዳዳው 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ማለት ነው፤ ኤፍ 8 ሲሆን ወደ 6 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ጀማሪዎችን የሚያደናግረው ይህ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠብባል።

ቀዳዳው ሲጠብ ጥልቀቱ የሚጨምረው ለምንድን ነው? ከእያንዳንዱ ነጥብ የሚመጣው ብርሃን በሌንሱ አልፎ ወደ ሴንሰሩ የሚሄደው በሾጣጣ መልክ ነው። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ሾጣጣው ሰፊ ስለሚሆን ከፎከስ ጥቂት ፈቀቅ ያለ ነገር ወዲያው ትልቅ ክብ ይሠራል። ቀዳዳው ጠባብ ከሆነ ሾጣጣው ቀጭን ነው፤ ክቡም ትንሽ ሆኖ ይቆያል። መነጽሩን የረሳ ሰው የሩቅ ጽሑፍ ለማንበብ ዓይኑን ጨፈን ሲያደርግ የሚጠቀመው በዚሁ ሥርዓት ነው።

በቁጥር እንየው። በፉል ፍሬም ካሜራና በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ 2 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ሰው ስናነሳ፣ በኤፍ 1.8 የጥራት ጥልቀቱ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በኤፍ 8 ወደ 78 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። የአዋቂ ሰው ፊት ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆኑን ካሰብን፣ በመጀመሪያው ፊቱ በሙሉ ለጥቂት ይጠራል፤ በሁለተኛው ፊቱም ልብሱም ይጠራሉ።

ርቀት ከአፐርቸር የበለጠ ኃይል አለው፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እሱ ነው። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ጥልቀቱ አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። በዚያው ሌንስና በዚያው ኤፍ 1.8 ወደ 1 ሜትር ብንጠጋ፣ 17 የነበረው ሴንቲ ሜትር ወደ 4 ይወርዳል፤ ወደ 4 ሜትር ብንርቅ ወደ 69 ይወጣል። በ4 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ዓይኑ ሲጠራ የአፍንጫው ጫፍና ጆሮው ይጠፋሉ። አዲስ ሌንስ የገዛ ሰው በደስታ ወደ ሰው ፊት ተጠግቶ፣ ቁጥሩን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጎ ሲያነሳ የሚያገኘው ፎቶ ይህን ይመስላል።

እስካሁን ያየነውን እንሰብስብ። የጥራት ጥልቀት በፎከሱ ቦታ ዙሪያ ያለ፣ የሚለካ ውፍረት ነው፤ ቀዳዳው ሲጠብና ርቀቱ ሲጨምር ይሰፋል። ፎካል ሌንግዝን ወደ ኋላ ያስቀረነው ሆን ብለን ነው፤ በእሱ በኩል ወደ ዋናው ልዩነት እንገባለንና።

ቆመን ካለንበት ቦታ ሳንንቀሳቀስ ረጅም ሌንስ ብንገጥም ጥልቀቱ ይቀንሳል፤ በ85 ሚሊ ሜትር፣ በኤፍ 1.8፣ በ2 ሜትር 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል። ነገር ግን በተግባር እንዲህ አናደርግም። ሌንሱ ሲረዝም ሰውየው ፍሬሙን ስለሚሞላ ወደ ኋላ እንርቃለን። አሁን ሁለት ፎቶዎችን እናነጻጽር። የመጀመሪያው በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ2 ሜትር፣ ሁለተኛው በ100 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ4 ሜትር የተነሱ ናቸው፤ አፐርቸሩ በሁለቱም ኤፍ 2.8 ነው። ሰውየው በሁለቱም ፎቶዎች እኩል መጠን አለው። የጥራት ጥልቀቱም በሁለቱም 27 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሩቁ ዳራ ድብዝዝታ ግን በሁለተኛው እጥፍ ነው። ጥልቀቱ ሳይለወጥ ድብዝዝታው በእጥፍ ከጨመረ፣ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ተረጋገጠ ማለት ነው።

ዳራ ስንል ከሚነሳው ሰው በስተኋላ የሚታየውን ሁሉ፣ ባክግራውንድ የሚባለውን ነው። የዳራ ድብዝዝታ የሚለካበትን መንገድ ማወቅ ብዙ ነገር ያቀልላል። ከሶዶ በላይ የቆመውን የዳሞታ ተራራ ከሰው በስተኋላ አድርገን አነሳን እንበል። ተራራው እጅግ ሩቅ ስለሆነ እያንዳንዱ ነጥቡ በፎቶው ላይ ወደ ክብ ይለወጣል። የዚያ ክብ ስፋት በሰውየው ፊት ላይ ቢለካ ከአፐርቸሩ ቀዳዳ ስፋት ጋር እኩል ነው። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 1.8 የተራራው እያንዳንዱ ነጥብ 28 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የአንድ ዓይን ወርድ ያህል ይበተናል፤ ዳሞታ ዳሞታ መሆኑ ይቀርና አረንጓዴና ሰማያዊ ጥላ ይሆናል። በኤፍ 8 ክቡ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ የተራራው ቅርጽ ይለያል፤ ሶዶን የሚያውቅ ሰው የት እንደተነሳ ይናገራል።

ዳራው ቅርብ ሲሆን ክቡ ያንሳል። ምን ያህል እንደሚያንስ ለማወቅ ከሰውየው እስከ ዳራው ያለውን ርቀት ከካሜራው እስከ ዳራው ባለው ጠቅላላ ርቀት እናካፍላለን፤ ውጤቱን በቀዳዳው ስፋት እናባዛለን። ሰውየው ከካሜራው 2 ሜትር፣ የእንሰቱ ተክል ከሰውየው ኋላ 4 ሜትር ላይ ነው እንበል። አራትን ለስድስት ስናካፍል ሁለት ሦስተኛ ይሆናል፤ ከ28 ሚሊ ሜትር ሁለት ሦስተኛው 19 ገደማ ነው። ሰፊው የእንሰት ቅጠል ለስልሶ ወደ ቀለም ይቀየራል። ሰውየውን ከግድግዳ ግማሽ ሜትር ብቻ አርቀን ብናቆመውስ? ግማሽን ለሁለት ተኩል ስናካፍል አንድ አምስተኛ ነው፤ ክቡ 6 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በኤፍ 1.8 የተነሳው ግድግዳ በኤፍ 8 ከተነሳው ዳሞታ የበለጠ አልደበዘዘም ማለት ነው። ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ደንበኛ «ብለር አድርግልኝ» ሲል ውድ ሌንስ እንኳ የማይረዳው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ሰውየውን ከግድግዳው ማላቀቅ ነው፤ ይህ ደግሞ ገንዘብ አያስወጣም።

ሴንሰራቸው ከፉል ፍሬም ባነሱ፣ ክሮፕ በሚባሉት ካሜራዎች የሚሠራ ሰው እነዚህን ቁጥሮች ጥቂት ያስተካክላል። በዚያው 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ተመሳሳይ ቅንብር ለማግኘት ወደ 3 ሜትር መራቅ ስለሚያስፈልገው 17 የነበረው ሴንቲ ሜትር ወደ 26 ይደርሳል። ሥርዓቱ ግን ያው ነው።

አሁን ወደ ብርሃን እንሻገር፤ አፐርቸር ጥልቀትን ብቻ ሳይሆን የሚገባውን ብርሃንም ይወስናልና። ሶዶ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። በመስከረም፣ የጊፋታ ወቅት፣ የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ናት ማለት ይቻላል። ፀሐይ በደመና ሳትሸፈን፣ አይኤስኦ 100 ላይ፣ ማለትም ሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ስሱነት ዝቅ ብሎ፣ ተመጣጣኝ ፎቶ የሚገኘው በኤፍ 16 እና በሰከንድ አንድ መቶኛ ሹተር አካባቢ ነው። ሹተር ስንል ሴንሰሩ ለብርሃን ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ ነው። በዚያው ብርሃን ወደ ኤፍ 1.8 ብንከፍት ሰማንያ እጥፍ ገደማ ብርሃን ስለሚገባ ሹተሩ ወደ አንድ ስምንት ሺህኛ ሰከንድ መፍጠን ይኖርበታል። የብዙ መካከለኛ ካሜራዎች ሹተር ግን አንድ አራት ሺህኛ ላይ ያበቃል። ስለዚህ በቀትር ፀሐይ ዳራን በሰፊ ቀዳዳ ለማደብዘዝ የሚሞክር ሰው ፎቶው ይነጣበታል። ሰውየውን ወደ ዛፍ ጥላ ወይም ወደ ሣር ክዳኑ ቤት ጣሪያ ክፈፍ ሥር መውሰድ ሁለት ጥቅም አለው፤ ብርሃኑ ይቀንሳል፣ በዓይን ጉድጓድ ውስጥ የሚጠቁረው ጥላም ይለሰልሳል። ጠዋትና አመሻሽ ከዚህ ሁሉ ያሳርፋሉ።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው ጥልቀቱ ከፎከሱ ፊትና ኋላ እኩል አለመከፈሉ ነው። ባየነው የኤፍ 8 ምሳሌ ከ78ቱ ሴንቲ ሜትር 32 ያህሉ ከፎከሱ ፊት፣ 46 ያህሉ ከኋላ ናቸው። ይህ ዝም ብሎ በቆመ ሰው ተራ ፖርትሬት ላይ ብዙ ለውጥ አያመጣም፤ በእጁ እየሠራ ያለ ሰው ስናነሳ ግን ዋና ጉዳይ ይሆናል። ዱንጉዛ የሚሸምን ሸማኔ እንውሰድ። ዓይኑ 2 ሜትር ላይ፣ እጁ ደግሞ ከዓይኑ ግማሽ ሜትር ቀርቦ 1.5 ሜትር ላይ ነው። ፎከሱን ዓይኑ ላይ ብናደርግ በኤፍ 8 ጥራቱ ወደ ፊት 32 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚሄድ እጁ አይደርሰውም። ፎከሱን በሁለቱ መካከል፣ 1.75 ሜትር ላይ ብናሳርፍ ጥራቱ ከ1.5 እስከ 2.09 ሜትር ይዘረጋል፤ እጁም ዓይኑም ይገባሉ፤ እጁ ግን በጠርዙ ላይ ነው። ኤፍ 11 ቢሆን ሰፋ ያለ ዕድል ይሰጣል። ሸማኔ ቤት ውስጥ ያ ሁሉ ብርሃን ላይኖር ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ነው። እኔ እጁን እመርጣለሁ፤ ሌላው ዓይኑን ቢመርጥ አይሳሳትም፤ ሳይመርጥ አንስቶ ሁለቱንም ቢያጣ ግን ያሳዝናል።

የቤተሰብ ፎቶም በዚሁ ይታያል። በሰርግ ላይ ሽማግሌዎችና ዘመዶች በሦስት ረድፍ ሲደረደሩ ከፊተኛው እስከ ኋለኛው ረድፍ ከአንድ ሜትር በላይ ነው። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ4 ሜትር በኤፍ 1.8 ቢነሱ 69 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ሦስት ረድፍ አይሸፍንም። በኤፍ 5.6 ግን ጥልቀቱ ከ2 ሜትር ይበልጣል። ፎከሱ በመካከለኛው ረድፍ ላይ ይሁን።

አንድ ጥንቃቄ እንጨምር። ካሜራውን ዓይን ላይ አተኩሮ፣ ከዚያ ለቅንብር ወደ ጎን ማዞር የተለመደ አሠራር ነው። በ1 ሜትር ርቀት ካሜራው 20 ዲግሪ ቢዞር የፎከሱ ቦታ ከዓይኑ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ያልፋል። ጥልቀቱ 4 ሴንቲ ሜትር በሆነበት ዓይኑ ጠፋ ማለት ነው። የፎከስ ነጥቡን ራሱን ወደ ዓይኑ መውሰድ፣ ወይም ጥቂት መራቅ ይሻላል። ፊቱ ዘወር ያለ ሰው ሲሆን ለካሜራው የቀረበው ዓይን ይመረጣል።

ስለ ስልክ ባጭሩ። የስልክ ዋና ሌንስ እውነተኛ ፎካል ሌንግዝ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሆነ ቀዳዳውም ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር ይጠራል ማለት ይቻላል። በ2016 እ.ኤ.አ. አይፎን 7 ፕላስ ያስተዋወቀው የፖርትሬት ሞድ፣ ዛሬ በብዙ ስልኮች ያለው፣ ድብዝዝታውን በስሌት ይሠራል፤ ሰውየውን ከዳራው ቆርጦ የቀረውን ያለሰልሳል። በፀጉር ጠርዝና በነጠላ ዘርፍ ላይ የሚሳሳተውም ለዚህ ነው። እውነተኛ ድብዝዝታ ከፎከሱ እየራቀ በሄደ ቁጥር ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ የዱንጉዛው መስመር ያንን ወዲያው ይገልጣል።

አሁን የቀረው ጥያቄ መቼ ጥልቀቱን ማጥበብ፣ መቼ ማስፋት እንደሚገባ ነው። ድብዝዝ ያለ ዳራ በራሱ የጥሩ ፎቶ ምልክት ነው የሚለው አስተሳሰብ መስተካከል አለበት። በፎቶግራፍ ታሪክ ሁለቱም ወገን ትልልቅ ሰዎች አሉት። እንግሊዛዊቷ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በ1863 እ.ኤ.አ. ካሜራ ከያዘች በኋላ ለስላሳ ትኩረት ባላቸው የፊት ምስሎቿ ታወቀች። በ1932 እ.ኤ.አ. ደግሞ አንሰል አዳምስና ኤድዋርድ ዌስተን ያሉበት የካሊፎርኒያ ቡድን ራሱን «ኤፍ 64» ብሎ ሰየመ፤ በትልልቅ ካሜራዎች እጅግ ጠባብ በሆነ ቀዳዳ ሁሉንም አጥርቶ የማሳየት ፍላጎቱን ሲገልጽ። ሁለቱም ወገኖች ጥልቀትን አውቀው መረጡ።

በወላይታ ሁኔታ ምርጫው የሚወሰነው ፎቶው ምን እንዲናገር እንደምንፈልግ በማወቅ ነው። ለምርቃት ወይም የአንዲት ሙሽራ ፊት ብቻ እንዲነበብ ለሚፈለግበት ፎቶ ዳራው ቢደበዝዝ ይመቻል። አንድ አዛውንት በእንሰታቸው መካከል ሲቆሙ ግን እንሰቱ የሕይወታቸው ክፍል ነው፤ በአጆራ ፏፏቴ ፊት የቆሙ ወዳጆችም ፏፏቴው ከጠፋባቸው እዚያ መድረሳቸው ምን ይጠቅማል? በ1894 እ.ኤ.አ. ከአፄ ምኒልክ ሠራዊት ጋር ወደ ወላይታ የተጓዘው ፈረንሳዊ ቫንደርሄም በ1896 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በራሱ ፎቶግራፎች ላይ የተመሠረቱ ምስሎች አሉ። እንዲህ ያለውን የቆየ ምስል ዛሬ የሚያይ ሰው ፊቱን ብቻ አይመለከትም፤ ቤቱን፣ አጥሩን፣ ተክሉንም ይፈልጋል። ዛሬ የምናነሳው የቤተሰብ ፎቶም በዚያው ዓይን የሚታይበት ጊዜ ይመጣል።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ በመጪው ጊፋታ ከቤተሰባችሁ አንድ ሰው ዱንጉዛ ለብሶ ዳሞታን ከኋላው አድርጎ እንዲቆም ጠይቁት። ሰዓቱ ጠዋት ይሁን። ከ2 ሜትር በኤፍ 1.8፣ በኤፍ 4 እና በኤፍ 8 አንሱት፤ ከዚያ ያንኑ ሰው የቤት ግድግዳ አስደግፋችሁ በኤፍ 1.8 ድገሙ። አራቱን ፎቶዎች አትማችሁ ለተነሳው ሰው ስጡትና የትኛውን እንደሚያስቀምጥ ጠይቁት።